«ቤቴስ?» ብላ የጠየቀችው ሴት

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን አፈ ጉባኤ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ ሙሉ፣ ልብሽ ያረፈ፣ ፊትሽ የፈካ ሆኖ ያግኝሽ። እኔም ባለቤቴም ከነቁርጥማታችን ደህና ነን። ጉልበቷ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል፤ ከሬዲዮኑ ይልቅ እሱን ማመን ጀምረናል። ባለሱቁ፣ አናጺው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሁሉም ስምሽን እየጠሩ ሰላም ብለውሻል።

በሆስፒታል አስተርጓሚ ሆንኩ ብለሽ የጻፍሽውን ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ አስነበብኩት። አስነበብኩት ያልኩት ባለቤቴን ነው፤ የዛሬ ጊዜ ብዕር ቀለሙ ቀጭን ሆነብኝ። ማንም አልገረመውም። በልጅነትሽ የሰፈሩ ተናጋሪ አንቺ አልነበርሽም ወይ? ዲዳው ጫማ ሰፊ እንኳ ሰው መስደብ ሲያምረው አንቺን ነበር የሚጠራው። እናትሽ በሕይወት ኖራ ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት።

ሥራ እንደ ድሮው አይደለም። መርፌዋ ቀዳዳዋን ትደብቀኛለች። ጨርቅ ነጋዴዎቹም ጥቁሩንና ሰማያዊውን አንድ ቀለም ማድረግ ጀምረዋል። ባለፈው ለዘበኛው አንዱን እጅጌ ጥቁር፣ ሌላውን ሰማያዊ አድርጌ ሰፋሁለትና ተሳስቀን ፈታነው። አንቺ ካለሽበት ትልልቅ የዓይን ሐኪሞች አሉ ይባላል። ለወሬ ያህል ነው ያነሳሁት። አንቺ ሥራሽን ጠብቂ፤ ስለ እኛ አታስቢ።

የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ። ቤትሽን ይሙላው።

አጎትሽ

ኅዳር 2

ውድ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደህና ነኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ግን እንዳይቀየሙኝ። ደብዳቤዎ ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ሰላምታ ነው። ሦስተኛውን ሁለቴ አነበብኩት፤ ምን እንደሚፈልጉ ግን አላገኘሁም። እዚህ ሰው የሚፈልገውን ይናገራል፣ የተጠየቀውም እችላለሁ ወይም አልችልም ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። መጀመሪያ እኔንም አስደንግጦኝ ነበር። አሁን ግን እንዴት እንደሚያሳርፍ አይጠይቁኝ።

በሥራዬ ላይ የሚያስቸግሩኝ የእኛው ሰዎች ናቸው። ሐኪሙ «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ይላል። እነሱ ከአያታቸው ሞት ይጀምራሉ። ወይ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው «ኧረ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ደህና ከሆኑ ለምን መጡ? ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ በእነሱ ቦታ እሸማቀቃለሁ። ለአንድ በሽተኛ የሚሰጠን ሃያ ደቂቃ ነው።

ስለ ዓይን ሐኪሞች የጻፉት ምን ለማለት ነው? የሚፈልጉት ነገር ካለ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ከሌለም ጥሩ።

የደረት መታወቂያዬን አድርጌ የተነሳሁትን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 30

ለእህቴ ልጅ፤

እሺ።
ደህና ነን።
የምፈልገው ነገር የለም።
ፎቶግራፉ ደርሷል። ያየው ሁሉ አምሮባታል ብሏል።
ቤትሽን ይሙላው።

አጎትሽ

ጥር 14

ውድ አጎቴ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ በደስታ ነው። ከሰላምታው ጀምሮ እስከ ስምዎ ሰባት መስመር! እንዲህ ነው እንጂ! ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየኋቸውና «አጎቴ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ተማረ» አልኳቸው። ቋንቋው ባይገባቸውም የወረቀቱን ባዶነት አይተው አጨበጨቡልዎት። ምንም የሚፈልጉት ነገር እንደሌለም በግልጽ ስለነገሩኝ ሐሳቤ አረፈ።

የእኔም ነገር ጥሩ ነው። ዛሬ ከእኛው አገር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። የማህፀን ሕመም ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። የባሏ ወንድም ይዟት መጥቶ አብሮ ተቀምጧል። እኔ እንደ ሌሎቹ ጓዟን ሁሉ ትዘረግፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን በዘጠኝ ደቂቃ ጨርሰን ፈረመች። ሐኪሙ ሲወጣ «ካንቺ ጋር መሥራት ደስ ይላል፤ ፈጣን ነሽ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ክንፍ አውጥቼ ዋልኩ።

መልስዎን እንደ አሁኑ አጠር አድርገው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 22

ለአጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? እትዬስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ዘበኛውስ? እጅጌው ተስተካከለለት?

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ለጥሩ ወሬዬ መልስ ሳይመጣ ሁለት ወር አለፈ። ተቀይመውኝ ይሆናል። ቢሆንም ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ያቺ በዘጠኝ ደቂቃ የጨረስኳት ሴት ትናንት ለክትትል መጣች። ብቻዋን ናት። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ በፌስታል ትኩስ ዳቦ ይዛ መጥታ ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለእኔም አደለችን። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ «በጣም ጥሩ ነው» አለ። ነገርኳት። ደስ አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እንግዲህ ስንት ወር ልጠብቅ በይልኝ» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

ዘወር ብላ በሩን አየች። የባሏ ወንድም የለም። በጆሮዬ «ለማርገዝ» አለች።

አጎቴ፣ ማህፀኗ ወጥቷል። በጥር ወር ነው የወጣው። እሷ አታውቅም። ያላወቀችው ደግሞ በእኔ ነው።

ያን ቀን የሆነውን ልንገርዎት። ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለ አለ። አንደኛው ማህፀኑን ማውጣት ነው፤ ሕመሙ ያኔውኑ ያበቃል። ሁለተኛው ሕመሙን ያመጡትን እጢዎች ብቻ ለቅሞ ማህፀኑን መተው ነው፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ መውለድ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚመረጠው እሱ ነው። «የትኛውን ትፈልጋለች? ልጅ መውለድ ታስባለች ወይ? ጠይቂያት» አለኝ።

የባሏ ወንድም ክንዱን አጣጥፎ ከአጠገቧ ተቀምጧል። እኔ፣ እርስዎን በግልጽ ይጻፉ ብዬ የገሠጽኩ ሰው፣ በእሱ ፊት «ማህፀን» የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። «ሆድዎ ውስጥ ያለውን ችግር ያወጡልዎታል፣ ይገላገላሉ» አልኳት። ስለ ሁለተኛው መንገድ ምንም አላልኩም። «ስለ ወደፊቱ ያሰቡት ነገር ካለ ይናገሩ ይላል» ብዬ ብቻ ጨመርኩ።

እሷ መሬት መሬት እያየች ነጠላ ጫማዋን በእግሯ አውራ ጣት ፈተግ ፈተግ አደረገችና «ቤቴስ?» አለች። «ቤቴ ይሞላ ይሆን?»

ለሐኪሙ ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? «ስለ ቤቷ ትጠይቃለች» አልኩት። እሱም «የቤት ሥራ መሥራት የምትችለው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው» አለ። እኔም «ከስድስት ሳምንት በኋላ» ብዬ ነገርኳት። ፊቷ በራ። ሳልተረጉም ያለፍኩት ጥያቄ እንደ ተመለሰላት ነው የቆጠረችው። «እሺ፣ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አለች። እኔ ለሐኪሙ «ተስማምታለች» አልኩት። ፈረመች።

አልገባኝም ነበር ብዬ ልጽፍልዎት ፈልጌ ነበር። የተቀደዱት ደብዳቤዎች ላይ የጻፍኩት እንደዚያ ነው። ግን ግማሹ ገብቶኝ ነበር። ውጭ ሦስት ሰዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር፣ እኔም ፈጣን መባል እወድ ነበር።

ትናንት ደግሞ ሐኪሙ «ምን አለችሽ?» ሲለኝ «መውለድ እንደማትችል ልቧ ያልተቀበለው ይመስለኛል» አልኩት። ደነገጠ። «አሁን በደንብ አስረጂያት» አለኝ። ወደ እሷ ዞሬ «ሌላ ቀን ሰፊ ጊዜ ወስዶ ያነጋግርዎታል» አልኳት። ለእሱ «ነገርኳት፣ ተቀብላለች» አልኩት። ሁለቴ አጎቴ። በአንዲት ሴት ላይ ሁለቴ።

ዳቦዋን አልበላሁትም፤ አልጣልኩትምም። ጠረጴዛዬ ላይ ደርቆ ያየኛል።

ምን ላድርግ?

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 25

ለእህቴ ልጅ፤

ይህን የምትጽፈው ባለቤቴ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትከትባለች። ሐሳቤን ልታስውብ ስትሞክር እየከለከልኳት ነው፤ ቢሆንም አንዳንድ ቦታ ያማረ ቃል ብታገኚ የእሷ ነው።

የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። ተቀይሜስ ነበር፣ ግን የዘገየሁት በእሱ አይደለም። ግራ ዓይኔ ከታኅሣሥ ወዲህ ጨርሷል። በቀኙ የማየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው፤ መሐሉን እንጂ ዳር ዳሩን አይደለም። እዚህ ያየኝ ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈልኝ። ወረፋው ሩቅ ነው። ያኔ በጥቅምት መርፌዋ ቀዳዳዋን ደበቀችኝ ያልኩሽ ይህንኑ ነበር። የእህቴ ልጅ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ትጠይቅልኛለች ብዬ ነበር።

ያ ያጨበጨባችሁለት ደብዳቤ ያጠረው ተምሬ አይደለም። መስመሩ እየጠፋኝ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት መስመር በመስመር ላይ ደርቤ አበላሸሁት፤ ሁለተኛው ላይ ሰፋ አድርጌ ትንሽ ትንሽ ጻፍኩ።

(ይህን እኔ ነኝ የምጨምረው፤ አትጻፊው ብሎኛል። የጥር ወሩን ደብዳቤሽን ሳነብለት ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ እስኪመሽ ተቀመጠ።)

ግን እኔም ነፃ አይደለሁም። «በአንድ መስመር ይጻፉ» ስትዪኝ «ዓይኔ እየጠፋ ነው» ማለት አንድ መስመር ነበር። አፈርኩ። ያሳደግኳት ልጅ ፊት ልመና መሰለኝ። ኩራቴን ይዤ ዓይኔን ሰጠሁ። ስለዚህ እኔና አንቺ አንፈራረድም።

አሁን ስለ ሴትዮዋ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ አንድም ሰው «ወፈርኩ፣ አስፋልኝ» ብሎኝ አያውቅም። «አጥበውት ነው መሰለኝ ጨርቁ ገባ» ነው የሚሉኝ። እኔም «አዎ፣ ይህ ጨርቅ ይገባል» እልና ሁለት ጣት እለቅለታለሁ። ሰውየው የነገረኝ ስለ ጨርቁ ነው፤ እኔ የሰማሁት ስለ ሆዱ ነው። ይህ ውሸት አይደለም ልጄ፣ አነጋገር ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች ደግሞ የራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ ሐኪሙ እንደ አገሩ በደንብ ጠይቋል፣ እሷም እንደ አገሯ በደንብ መልሳለች። መሐል ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ደመወዝሽስ ለዚያ አይደለም?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየደብዳቤዬ መጨረሻ «ቤትሽን ይሙላው» ስልሽ ምን ይመስልሽ ነበር? የቤት ዕቃ?

ምን ላድርግ ብለሻል። ለእኔ የጻፍሽው ሁሉ ለእሷ የሚገባ ነው። መጀመሪያ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ቢያባርሩሽም። ከዚያ ሂጂ። የባሏ ወንድም በሌለበት ሂጂ። ነገሩን በስሙ ጥሪው። የምታዝንልሽ ከሆነም ሐዘኗን ተቀበዪ እንጂ አትደሰቺበት።

አሁን እኔም በግልጽ ልጠይቅሽ፣ አንቺ ባለቤቴ፣ ይህን በትልቁ ጻፊልኝ፦ ቀኝ ዓይኔ ይድናል ወይ? ጠይቂልኝ።

አጎትሽ

ሰኔ 9

ለአጎቴና ለእትዬ፤

ጤናችሁ እንዴት ነው? እትዬ፣ እባክዎ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡላቸው፤ የመጀመሪያውን ክፍል ሁለቴ።

የዓይን ሐኪሟን አነጋገርኳት። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ግራው አይመለስም። ቀኙ የጠፋበት አይመለስም፣ የቀረው ግን በጠብታ ሊያዝ ይችላል፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ጠብታው ካልበቃ ቀዶ ጥገና አለ። አንድ ወር መዘግየት ያስፈራል ብላለች። የጠብታዎቹን ስም በእጇ ጽፋ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ጋር ነው። ወረፋውን አይጠብቁ። ወረቀቱን ይዘው ያየዎት ሐኪም ዘንድ ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ይሂዱ። «በጥቅምት ብትጠይቂኝ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔ ጨረስኩት በልቤ።

ለማህፀን ሐኪሙ ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጉዳዩን ለአለቆቻችን ጻፍኩ፣ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ሐኪሙ በሌላ አስተርጓሚ ሊያስጠራት ነበር። «እሷ ከሌላ ሰው አፍ አትስማው፣ መጀመሪያ እኔ ልሂድ» ብዬ ለመንኩት። ሁለት ቀን ሰጠኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። በሩን ስትከፍት ሽርጧ ላይ ዱቄት አለ። «እንዴ! አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ!» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አንድ ክፍልና ትንሽ ማብሰያ ቤት ናት። አልጋው በጥሩ ሁኔታ ተነጥፏል። በሩ ሥር የወንድ ቦት ጫማ አለ፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በወር ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ውሃ ሰጠችኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፤ ስለ እናቴ፤ ማን እንዳሳደገኝ። ስለ እርስዎ ነገርኳት። ዓይንዎን ስነግራት ደረቷን መታች። ድሮ ሰዓቴን አይ ነበር። አላየሁም። ሁሉንም ጠይቃ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ለካ በዚህ ሁሉ ጥያቄ ለእኔ በር እየከፈተችልኝ ኖሯል።

«ማህፀንዎ ወጥቷል» አልኳት። «ከእንግዲህ አይወልዱም።»

ሽርጧን ፈታች። አጠፈችው፤ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

«ያን ቀን ‹ቤቴስ› ስልሽ ገብቶሽ ነበር?» አለችኝ።

«ግማሹ ገብቶኝ ነበር።»

«እኔም የጨነቀሽ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር» አለች። «ፊትሽ ቲማቲም መሰለ። ደግሜ ልጠይቅ ብዬ ነበር። ኋላ ይቺን ልጅ አለቃዋ ፊት ላዋርዳት? አልኩና ‹እሺ› አልኩ።»

አጎቴ፣ እርስዎ «የምታዝንልሽ ከሆነም» ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ይህን ግን አላሰብኩትም። እኔን እንዳላፍር ብላ ነው የፈረመችው።

«አሁን ሐኪሙ ያለውን ንገሪኝ» አለች። «ከመጀመሪያው። አንድም ሳታስቀሪ።»

በጥር ወር ልነግራት የሚገባኝን በግንቦት ነገርኳት። ቃል በቃል። ሁለተኛው መንገድ ጋ ስደርስ እጇን አነሳች። «እሱን ድገሚው።» ደገምኩ። «ድገሚው።» ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ፊቷን ወደ አልጋው አዙራ ነበር። አላለቀሰችም። ወይም ጀርባዋ አላለቀሰም፤ ያየሁት ጀርባዋን ነው።

በመጨረሻ «ባሌ ረቡዕ ይመጣል» አለች። «እኔ ይህን ለእሱ የምነግርበት አፍ የለኝም። አንቺ መጥተሽ ትነግሪዋለሽ።»

ረቡዕ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ነው፤ ከመንገድ መግባቱ ነበር፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ፣ እሱ ቆሞ። ስነግረው አላቋረጠኝም። ሦስታችንም የምንናገረው አንድ ቋንቋ ነው፤ የሚተረጎም ነገር በመካከላችን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ ጀመርኩት።

ስጨርስ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሌላ መንገድ ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ነበር።»

«ታዲያ ማነው ሳይነግራት የቀረ?»

ከዚያ እሷ፣ ከአልጋው ጫፍ፣ ቀስ ብላ «ሐኪሙ በጣም ይቸኩል ነበር፣ እሷ እንኳን...» ማለት ጀመረች። እያየችኝ አልነበረም። እንደገና ልትሸፍነኝ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሄዶ በሩን ከፈተልኝ። አልተሳደበም፤ እሷም ቆይ አላለችም። አራቱን ፎቅ ስወርድ ከኋላዬ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እንዲመጣም አልጠበቅሁም።

የጠብታው ወረቀት ከኋላ ተያይዟል። እባክዎ ነገውኑ ይሂዱ።

የእህትዎ ልጅ